የፈረንሳዊው ድንጋዮች

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ያን ፈረንሳዊ አሰልጣኝ ገና ከመጣበት ቀን ጀምሮ ጠርጥሬዋለሁ። በአገሩ ስሙ የተጠራ አማካይ ነበር፣ ጫማውን ሲሰቅል ነው አሰልጣኝ የሆነው አሉን። እሺ፣ ይሁን! ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ምን ቸግሮት ነው ቀጨኔ መጥቶ ከእኛ ጋር አቧራ የሚቅመው?

የቡድኑ አምበል እኔ ነበርኩ። የምጫወተውም እሱ በሚያውቀው ቦታ፣ መሀል ላይ ነው። ጉልበቴ? ውስጡን ለቄስ። ማታ ማታ አሽቼው እተኛለሁ እንጂ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሰውዬው ግን በልምምድ ሰዓት ኳሷን ትቶ እኔን ያያል። ቦታዬን ሊቀማኝ ነው አለኝ ሆዴ። ከዚያ ቦታ ሌላ ደግሞ ምን አለኝ?

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ዊንጌት ታክሲ ልይዝ ስል ጃኬቴን መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ፈረንሳዊው ሜዳው ላይ ብቻውን ነው። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አስቀመጠ፣ ዞር ዞር ብሎ አየና ሄደ። ጠጋ ብዬ ሳይ ሌሎችም አሉ። ከግባችን አጠገብ ጀምረው በተርታ ወደ መሀል፣ እኔ ወደምቆምበት ይመጣሉ። በስመአብ! መተት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ፈረንሳይኛ ለሚሞካክረው በረኛችን ነገርኩት። በማግስቱ ከቁስቋም ማርያም ጠበል በጠርሙስ ይዞ መጣ። ልምምድ ሳይጀመር ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ረጨናቸው። መሀል በደረሰው ላይማ የተረፈውን ሁሉ ገለበጥኩበት።

ቀና ስንል ፈረንሳዊው ቆሞ ያየናል። አልተቆጣም። ጭራሽ ያዘነልኝ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

"ምን እየሠራብኝ ነው? ጠይቅልኝ!"

በረኛው ጠይቆት፣ መልሱን ሰምቶ ሲያበቃ ባዶውን የጠበል ጠርሙስ መክደን ጀመረ።

"ተናገራ!"

"እ... ማለቴ፣ ድንጋዮቹ ኳስ ስትነጠቅ ወደ ግባችን አባረህ፣ አቅምህ እስኪያልቅ የምትደርስበት ቦታ ምልክት ናቸው ይልሃል። ያ ግቡ አጠገብ ያለው፣ እሱ እንደመጣ የደረስክበት ነው። ይሄ መሀል ያለው የትናንቱ። ጉልበትህን እንደምትደብቅ ያውቃል፣ እሱም ደብቆ ነበር። የሚነግረው ሰው ስላልነበረ ያበቃለት መሆኑን ያወቀው፣ ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲስቅበት ነው።"

ፈረንሳዊው ሌላ ድንጋይ አንስቶ እጄ ላይ አደረገልኝ። የዛሬውን ራስህ አስቀምጠው ማለቱ ነው።

አሳየዋለሁ ብዬ ነፍሴ እስክትወጣ ሮጥኩ። ልምምዱ ሲያልቅ ድንጋዩን ይዤ ሄድኩና አስቀመጥኩት። በትናንቱ ድንጋይ ዙሪያ ጠበሉ ያረጠበው አፈር ገና አልደረቀም ነበር፤ የእኔ ድንጋይ ከእሱም ወዲህ ቀረ።