አንድ ጊዜ እምቢ ያልኳት በቅሎ

በቅሎዬን አስተርጓሚው ወሰደብኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ባለቤቷ ለእኔ የዘረጋልኝን ገመድ ተቀብሎ ጉብ አለባትና ሄደ። ነገሩ ይህን ያህል አጭር ነው። የረዘመው ዳኝነቱ ነው።

ጊዜው 1955 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነው። አንድ ፈረንጅ አጋዘን ሊያድን ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቆላ ለመውረድ ሰው ቀጠረ። ድንኳን የሚተክል፣ ወጥ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚገፍ፤ እኔን ደግሞ ለጭነት ከብቶቹ። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነበር። ከእኔ ጋር በአንድ ደብር ክርስትና የተነሳ፣ እናቱ እንደ እናቴ በአገራችን አፍ በኽምጣንጋ የምትራገም። አሥመራ ተቀምጦ የፈረንጅ አፍ ለምዶ፣ ኮት ደርቦ ተመለሰ። ይህን መጻፌ በኋላ ወጉን አላወቀም ይሆናል እንዳትሉልኝ ነው። ያውቃል።

ፈረንጁ ለራሱ መቀመጫ የገዛት ዳማ በቅሎ ነበረች። ፃግብጂን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ ድንጋይ ከዳትና ወደቀች። የፊት እግሯ ከጉልበቷ በታች ተተለተለ፤ ብትነሳም መራመድ አቃታት። ፈረንጁ ጠመንጃውን አነሳ። በእነሱ ዘንድ ይህ ርኅራኄ ነው አሉ። እኔ ፊቷ ሄጄ ቆምኩ።

«ንገረው» አልኩት አስተርጓሚውን፤ «አጥንቷ አልተሰበረም፤ እኔ አድናታለሁ በለው።»

«ባትድንስ?»

«ባትድን ያኔ ይተኩሳል። ጥይት አይሻግትበትም።»

ፈረንጁ ከት ብሎ ሳቀና ጠመንጃውን መለሰ። ሳቀ ማለት እንግዲህ አስተርጓሚው ቀልዴን ከነለዛው አድርሶልኛል ማለት ነው። ሲፈልግ ይችልበት ነበር።

ተከዜ ዳር በሰፈርንበት ሁሉ ጠዋትና ማታ ቁስሏን በጨው ውሃ አጠብኩ፣ ቅቤ ቀባሁ፣ የጋቢዬን ጫፍ ቀድጄ አሰርኩላት። ስንመለስ ፈረንጁን ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሁሉ ያደረግሁት ለጽድቅ ብቻ አልነበረም። እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ የሰው ከብት ስነዳ ኖሬያለሁ። የራሱ በቅሎ ያለው ሰው ከሰቆጣ ገበያ ጨው ጭኖ ወደ ጋዝጊብላና ወደ አምደወርቅ ይሄዳል፤ ሸጦ ይገባል፤ ማንንም «ጌታዬ» አይልም። የሌለው በጀርባው ይሸከማል። እኔ የሌለው ነበርኩ። ፈረንጁ አገሩ ሲመለስ በቅሎዋን ይዟት እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ለማን እንደሚተዋት ነበር የማሰላስለው።

በመጨረሻው ቀን ሰቆጣ አፋፍ ላይ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ተሰለፉ ተባልን። ፈረንጁ ለየአንዳንዱ ስጦታ አወጣ። ለድንኳን ተካዩ ቢላዋ፣ ለቆዳ ገፋፊው ጫማ፣ ለወጥ ሠሪው ብርድ ልብስ። ወጥ ሠሪው ብዙ ዘመን ለጣሊያን ያበሰለ ነውና ብርድ ልብሱን ከእጁ ሊነጥቀው ምንም አልቀረው። በልቤ ናቅሁት። ይህን ሰው እናቱ ስጦታ አቀባበል ሳታስተምረው ሞታለች አልኩ።

በእኛ አገር ትልቅ ነገር ሲሰጥህ ዘለህ አትይዝም። መጀመሪያ «ኧረ አይገባም» ትላለህ። ሰጪው «በሞቴ» ይላል። «ይቅርብዎ» ትላለህ። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ይላል። በሦስተኛው በሁለት እጅህ ተቀብለህ ጉልበት ትስማለህ። እንዲህ ያላደረገ ሰው ሆዳም ነው፤ ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሳል።

የእኔ ተራ ደረሰ። ፈረንጁ የዳማዋን ገመድ ዘረጋልኝ።

«ለአንተ ናት ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው።

ጆሮዬ ጭው አለ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብዬ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ ለእኔ ምን ሲደረግ! አይገባም፤ ይቅርብዎ» አልኩ።

አስተርጓሚው ሁለት ቃል ተናገረ። ሁለት ብቻ። ፈረንጁን ቅር አለው። እኔ አጎንብሼ «በሞቴ»ን እጠብቃለሁ። አስተርጓሚው ረዘም ያለ ነገር ጨመረ። ቀና ስል ገመዱ በእሱ እጅ ነው። እሱ አንዴም አይገባም አላለ።

ፈረንጁ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ከበቅሎዋ ጎን አቁሞ ፎቶግራፍ አነሳኝ። ፎቶግራፉን እስከ ዛሬ አላየሁትም። የዚያ ሁሉ መንገድ ጉርሻዬ እሱ ነው።

«ምን ብለህ ነገርከው?» አልኩት አስተርጓሚውን።

«ያልከውን።»

«በሞቴ እንዲለኝ አትነግረውም?»

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ሚዜህ አይደለሁም» ብሎ እርካቡን ረገጠ።

ወጥ ሠሪው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መጣ። «ወንድሜ፣ ፈረንጅ አንዴ ነው የሚሰጥ። እምቢ ስትለው የምር ይመስለዋል።»

«ይህን አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«እንዲህ ያለ ጨዋ መሆንህን በምን ልወቅ!»

ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀመጡልን። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «እምቢ ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ። እናንተም በእኔ ቦታ ብትሆኑ ትሉ ነበር።»

«እንላለን እንጂ! ፈረንጁ ግን ይህን ከየት ያውቃል?»

«ይሄ ያውቃል!» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። «ፈረንጁ ባያውቅ እሱ በሞቴ ይበለኛ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነጭ ሽበት ያለው፣ «አንተ ልጅ፣ በሰው በቅሎ እሱ ይሙትልህ?» አለ። ሳቁ። መሳቃቸው ከበቅሎዋ እኩል ይቆጨኛል።

አስተርጓሚው «ያለውን አልኩ፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩ፣ አልቀነስኩ» ብሎ በቤተ ክርስቲያኑ በር ማለ። ስለ እኔ ቃል መሐላው እውነት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለራሱ የለመነውን ግን ማንም አልጠየቀውም። በሐሰት ምሎ ቢሆን ኖሮ ታቦቱ ይፍረድበት ብዬ በተኛሁ። በእውነት ምሎ ዘረፈኝ። ሽማግሌዎቹም «አንድ ጊዜ እምቢ ብለሃል፤ በቅሎዋ የእሱ ናት» ብለው ፈረዱ።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን በደጄ ያልፋል፤ እሱ ፊት፣ እሷ ጨው ተጭና ኋላ። ጨው በጀርባዬ ተሸክሜ መንገድ ላይ ስንገናኝ ዞር ብዬ አሳልፈዋለሁ። «እንደምን ዋልክ» ይለኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ እንጨት እያመጣሁለት ያስተምረኛል። ሰቆጣ ሳቀብኝ። «በቅሎውን በሀ ሁ ሊያስመልስ ነው» አሉ። ፊደል የፈረንጁን ቋንቋ እንደማያሰማኝ አጥቼው አልነበረም። ቃሌን ግን ሁለተኛ ሌላ ሰው አይሸከምልኝም ብዬ ነው።

አስተርጓሚው በሳንባ ታሞ ሞተ። ሊሞት ሲል ለንስሐ አባቱ ነገሩን አውጥቶ፣ በቅሎዋ ትመለስ ተብሎ ታዘዘ አሉ። አርባው በወጣ ማግስት ሚስቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣች፤ አንደኛው ያ ሽበታሙ ነው። ዳማዋን ይጎትታሉ። ጀርባዋ ተገጣጥቧል፣ አንድ ዓይኗ ፈስሷል። የዱሮው ጠባሳ እግሯ ላይ አለ።

«ባሌ አደራ ብሎኛል» አለች ሴቲቱ። «እንኩ ተቀበሉኝ።»

ገመዱን ዘርግታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ምን እንደምትጠብቅ አውቄያለሁ። ሦስት ልጆች አሏት፤ ከዚህች በቅሎ ጀርባ ነው የሚበሉት። «ኧረ አይገባም፣ ለልጆችሽ ይሁን» እስክል ትጠብቃለች። ሽማግሌዎቹም ለምርቃት እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተዋል። እንዲያ ብል በሞቴ የሚለኝ እንደሌለ እነሱም እኔም እናውቃለን።

ገመዱን ያዝኩ።

ሴቲቱ እጇ ባዶውን እንደተዘረጋ ቀረ። ሽበታሙ «ምነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አትልም?» አለኝ።

«አንድ ጊዜ ብያለሁ» አልኩት። «እርስዎ ነዎት የፈረዱብኝ።»

ሴቲቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ልትሄድ ስትል ቆይ አልኳት። ወረቀት አወጣሁ። ጸሐፊ አልጠራሁም፤ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ለሦስቱም አነበብኩላቸው፤ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። በቅሎዋን ተረክቤያለሁ፣ ክሱ ቀርቷል ይላል። ሥሩ ላይ ያለው ቀን፦

ሰኞ፣ ግንቦት 21 ቀን 1964 ዓ.ም.