ነጩ የወሰን ድንጋይ

ይህን የምጽፈው አንድ በደል እንዳይረሳ ነው። የወሰን ድንጋዬን ሰብሮ የጫነው ሰው በመኪናው ሄደ፤ ለምን ሰበርክ ያልኩት እኔ ታሰርኩ። "ሕዝብ ቀስቅሰዋል" አሉኝ። እዚያ የነበርነው ሕዝብ እኔና ጎረቤቴ ነን።

ደብረ ታቦር ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም። ብርሃኑም አየሩም በበሩ ላይ ባለች መዳፍ በምታህል ቀዳዳ ነው የሚገባው። ግድግዳው ያልበዋል። አዲስ ገቢ የሚተኛው ከሽንት ባልዲው አጠገብ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ተነሳችና፣ "እማማ፣ እኔ እዚያ እሆናለሁ፤ እርስዎ ወደዚህ ይለፉ" አለችኝ።

"ደንቡ ለሁሉም ከሆነ ለእኔም ነው። አላልፍም።"

"ጉድ ነው! ባልዲ የሚወድ ሰው ዛሬ አየን" አለች አንዷ ከጥግ።

ወጣቷ ኮሌጅ ስለ ድንጋይ የምታስተምር ናት። የታሰረችው ስብሰባ ላይ "ወርቅ ሲፈለግ ባለመሬቱ ይጠየቅ" ብላ ነው። የእኔንም ድንጋይ የወሰዱት ወርቅ ፈላጊዎች ስለነበሩ፣ ወርቅ ከምድር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ጠየቅኋት።

ግድግዳውን በጣቷ ነካች። እርጥበቱ በስንጥቁ ወጥቶ ሲደርቅ ነጭ ጨው ትቷል።

"እንዲህ ነው እማማ። ከጥልቅ የሚነሳ ፍል ውሃ ወርቁን አሟሙቶ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ይዞት ይወጣል። ሲበርድ ወይም ሲንተከተክ መሸከም ያቅተውና ያራግፈዋል። ነጭ ድንጋይም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ወርቅ ፈላጊ ነጭ ድንጋይ ካየ አያልፈውም። በውስጡ ያለውን መርምሮ ውሃው በየት እንዳለፈ ያውቃል።"

"የእኔም ነጭ ነው" አልኩ። "አገራችን ጥቁር ድንጋይ ነው። ለወሰን ግን ሌላ ሰው በሌላ እንዳይለውጠው፣ በአገሩ የማይገኝ ይመረጣል። አማቴ ከእብናት ቆላ በአህያ አስጭነው ያመጡት ነው። ሽማግሌ ቆሞ፣ ቄስ 'ያነሳው የተረገመ ይሁን' ብለው ገዝተው ነው የተተከለ።"

ልጅቱ አፏን ያዘች። "መጥቶ የተተከለ ድንጋይ እኮ ስለመጣበት አገር እንጂ ስለቆመበት መሬት አይናገርም! እማማ፣ የአማትዎን ጭነት ነው ዘርፈው የሄዱት!" እስኪያስላት ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋ ቆመ። "ወርቅ ከተገኘበት ማሳዎን ያጥሩታል።"

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጠበበኝ። ማሳዬ ባልመሰከረው ሊወሰድ ነው፤ እውነቱን የምናውቅ ሁለታችን ደግሞ በር ተቆልፎብናል።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ድንጋዩ ከሌላ አገር የመጣ እንደሆነ ነገርኩት።

"ድንጋዩን ይተዉት እማማ። 'አጥፍቻለሁ' ይበሉና ቤትዎ ይግቡ።"

በሩ ክፍት ነበር። ግቢውን ፀሐይ ሞልቶታል፤ አንድ ሰው ልብስ ያሰጣል።

"ጥፋቴን ንገረኝና እላለሁ።"

ፊቱ ያለውን መዝገብ ዘጋ። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁና ከጠባቂው ፊት ፊት ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ቁልፉን እስኪያወጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

ኋላ ያለ ፍርድ ለቀቁኝ። ልጅቱን ትቻት ወጣሁ፤ እሷም በኋላ መፈታቷን ሰማሁ። ዛሬ ጎረቤቴ ሲያርስ፣ የሚያየው ሰው ባይኖርም፣ ድንጋዩ ከነበረበት ሳይደርስ በሬዎቹን ያዞራል። ሰው ማለት እሱ ነው። ነገር ግን እሱም እኔም አርጅተናል፤ ልጆቻችን የት ላይ እንደሚያዞሩ አላውቅም። ስለዚህ ድንጋዩን ወደወሰዱት ወርቅ ፈላጊዎች ቢሮ መመላለሴን አልተውኩም። በመጨረሻ አንዱ ቀና ብሎ አየኝ።

"እማማ፣ ወርቅ የለበትም። ማሳዎን የሚነካ የለም።"

"እንግዲያው ድንጋዬን መልሱልኝ።"

"ለምርመራ ሲባል ተፈጭቷል እማማ። የሚመለስ ነገር የለም።"