ጃቤዝና የከንፈር ወሬ

ጃቤዝ ኦግደን እንግሊዝ አገር፣ በላንካሻየር መንደሩ፣ እቤቱ ተቀምጦ ሠላሳ ዓመት ሲሸምን ድምፁ እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር። መወርወሪያውን እየወረወረ ይዘምራል፤ መንገደኛ ካየ በመስኮት ጠርቶ ያስቆመዋል፤ ሰኞ ሰኞማ ጭራሽ አይሠራም፤ ቀኑ ለወሬ የተተወ ነው። ወንዙ ዳር በእንፋሎት የሚሠራ የጨርቅ ፋብሪካ ሲከፈት "ብረት ስለ ሽመና ምን ያውቃል" ብሎ ሳቀ። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ግን ድርና ማግ የሚያመጣለት ነጋዴ ቀረ። ጃቤዝም በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ፋብሪካ ገባ።

ሥራ እንድታስተምረው የተመደበችው የጎረቤቱ ልጅ ኬዚያ ነበረች፤ ገና የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በሕፃንነቷ እሱ ራሱ እሹሩሩ ያላት። አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ማሽን ባንድ ላይ ሲንኳኳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ጃቤዝ እንደ ልማዱ ሊያወራ ጮኸ። እስከ ምሳ ሰዓት ሲጮኽ ዋለ። ሞተሩ ቆሞ ጸጥ ሲል ከጉሮሮው የወጣው ዘይት እንዳጣ በር ሲጥ የሚል ነገር ብቻ ነበር።

"አጎቴ ጃቤዝ፣ እዚህ በጉሮሮ አይወራም" አለችው ኬዚያ ቅቅል ድንቿን እየላጠች። "በከንፈር ነው። አፍዎን በደንብ እያንቀሳቀሱ፣ ድምፅ ሳያወጡ። እኔና ያቺ ጥግ ያለችው ሐና ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የምናወራው።"

"ስለ ምን?"

"ዛሬ እንኳ ስለ እርስዎ ነበር።"

በወሩ ተካነበት። ችግሩ ቤት ነበር። ሚስቱ ታቢታ የአጃ ገንፎ አቅርባ አንድ ነገር ስትጠይቀው አፉን እንደ ዓሣ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ ማውጣቱን እየረሳ።

"አንተ ሰውዬ፣ ማኩረፍህ ከሆነ አፍህን ገጥመህ አኩርፍ" አለችው።

አንድ ሐሙስ ካቦው ሚስተር ትዌይት መስኮት የከፈተች ሠራተኛ ሲቆጣ ጃቤዝ አየና፣ ከማሽኑ ማዶ ላለችው ኬዚያ በከንፈሩ "ይሄ ሰውዬ ሲቆጣ እንቁላል አልወጣ ያላት ዶሮ ይመስላል" አላት። ኬዚያ አልሳቀችም። ዓይኗ እሱን ትቶ በስተጎኑ ተተክሏል። ዞር ቢል ካቦው ከአዳራሹ ጫፍ ከንፈሩን ያየዋል። ትዌይት ረጋ ብሎ፣ እሱም ያለ ድምፅ፣ "ዶሮዋ ሁለተኛው ማሽንህ ላይ ድር መበጠሱን አይታለች" አለው።

"ካቦ ከመሆኑ በፊት እኮ ዐሥር ዓመት ሌላ ፋብሪካ ሸምኗል" አለችው ኬዚያ ሲወጡ።

"ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"መች አፌን እንድከፍት ፋታ ሰጡኝ?"

ጃቤዝ ሳምንቱን ሙሉ ዓይኑን ከድሩ ሳይነቅል ሸመነ። ታቢታ ግን ነገሩን ከኬዚያ ሰምታ ኖሮ ፊቱ ተቀመጠች።

"እኔንም አስተምረኝ። ገንፎ ላይ ስትሰድበኝ ከሆነ የከረምከው ልወቀው።"

አስተማራት። ከእሱ ፈጥና ቻለችው። ጸሎት ቤት ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ ነው የሚቀመጡት፤ ስብከቱም ረጅም ነው። በመጀመሪያው እሑድ ታቢታ ከማዶ ሆና በከንፈሯ ስላልጠገነው ጣሪያ ጀምራ፣ የእናቱን ጠባይ አንሥታ፣ ከሠርጋቸው ቀን ደረሰች። ሰባኪው ሴትዮዋ በጸሎት የተመሰጠች መስሎት በአድናቆት ያያታል። ጃቤዝ መሸሻ ሲያጣ ዓይኑን ጨፈነ።

አጠገቡ የተቀመጠው የፋብሪካ ባልደረባው በክርኑ ጎሰም አደረገው።

"ዓይንህን ግለጥ ትልሃለች" አለው በሹክሹክታ። "ዋናው ነገር ላይ ደርሳለች፤ እኛም እየተከታተልን ነው።"