ሻሺቱ የደበቀችው ብልቃጥ

ሻሺቱ በየቀኑ ከራት በኋላ ሁለት ኪኒን ትውጣለች። አንዱ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ የምትወስደው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው፤ ከሐኪሞቿና ከባሏ ከካሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌላው የወሊድ መከላከያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ምጥ ላይ ሳለች በሽታው ጣላት፤ ልጁም ሞቶ ተወለደ። ሐኪሙ፣ "ድጋሚ ካረገዝሽ ለአንቺም እሰጋለሁ" አላት። ከዚያ ወዲህ መከላከያውን አንድ ቀን አላዛነፈችም።

በ1989 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ባዮሎጂ በምታስተምርበት የሴቻ ትምህርት ቤት፣ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቿ ሰሌዳው ላይ ሴል ሣለች። ከኒውክሊየሱ ዳር ጀምራ እጥፍጥፍ መረብ ዘረጋች።

"ይህ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ነው። ሻካራው ላይ ፕሮቲን ይሠራል። ለስላሳው ጉበት ውስጥ መድኃኒትና መርዝ ይሰባብራል። አንዳንድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ይህ መረብ ይበዛል።"

ኪያ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ከበዛ በኋላ ያንኑ መድኃኒት ብቻ ነው የሚሰባብረው? ሌላ ቢመጣስ?"

"እንደ ወንድምሽ ነዋ! ያገኘውን ይበላል" አለች ጓደኛዋ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ሻሺቱ አልሳቀችም። የወር አበባዋ ከዘገየ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ድካም ይሆናል ብላ ነበር።

"ሌላውንም… ይሰባብራል" አለች። ጠመኔውን አስቀመጠች፤ ከራት በኋላ የምትውጠው አንዱ ኪኒን ሌላውን ሲያስበላው ኖሯል ማለት ነው።

ከትምህርት በኋላ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄደች። መከላከያውን የምትሰጣት ነርስ ፋንታዬ እንደ ካሱ የኦቾሎ መንደር ሰው ናት። "ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" ባለቻት ቁጥር ሻሺቱ "የለም" ትላት ነበር። ሻሺቱ አጎቷ ኦይታ በዚሁ በሽታ ገበያ መሀል ሲወድቅ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ክብሪት ሲጭር፣ አንድም እጅ ሳይነካው ሲቀር አይታለች። ከዚያ በኋላ አብሮት ማዕድ የተካፈለ አልነበረም።

"ምነው? ቀጠሮሽ ገና ነው እኮ። ኪኒኑን ለዶሮ ትበትኚዋለሽ እንዴ?" አለች ፋንታዬ።

ሻሺቱ የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፋንታዬ ጽሑፉን አነበበች። ፈገግታዋ ጠፋ።

"ስንት ዓመትሽ ነው በዚህ?"

"አሥራ ስድስት።"

"ያን ሁሉ ጊዜ ስጠይቅሽ!"

"ፈርቼ ነው፣ ሲስተር።"

ፋንታዬ ተነሣች። ሻሺቱ፣ ልትሸሸኝ ነው ብላ አንገቷን ደፋች። ፋንታዬ ግን በሩን ዘግታ ተመለሰች፤ የሽንት መቀበያም ሰጠቻት።

ምርመራው ሲያልቅ ሻሺቱ ማርገዟን ከፋንታዬ ፊት ላይ አነበበችው።

"የብልቃጡን መድኃኒት እንዳታቋርጪ፤ ያኔ ነው የሚብስብሽ" አለቻት እጇን ይዛ። "ነገ ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን።"

"ኦቾሎ ከተሰማ ግን…"

"በሩን ለምን የዘጋሁት መሰለሽ?"