አጎቴ የሚተዉልን ቀንድ

አጎቴ፣ ልጄ ትዕግሥትና እኔ ደብረ ታቦር በአንድ ግቢ ኖረናል። አጎቴ ከሽቦ፣ ከዘይት ቆርቆሮና ከውሃ ፕላስቲክ ቢራቢሮ ይሠሩ ነበር። በራሷ ላይ ከሚወጡት ሁለት ቀንዶች አንዱን ግን ሁልጊዜ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው ይተዋሉ።

«ና፣ አንተ ጨርሳት» ይሉኝ ነበር።

«ቁም ነገር አለብኝ፣ ጋሼ።»

ፊደል የለየሁት በራሴ ጥረት ነውና ጨዋታ አልወድም። ትዕግሥት ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ከጥናቷ አዘናጓት ብዬ፣ አንድ ቀን ቢራቢሮዎቹን ከግድግዳው ላይ ለቅሜ ለቆራሌው ሸጥኳቸው።

አጎቴ ባዶውን ግድግዳ አይተው «ስንት ኪሎ ወጣቸው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ፒንሳ ሳይነኩ ኖረው አረፉ። የሚቀመጡበት ጉቶ እስከ ዛሬ ባዶውን ነው።

መማር መልካም ነው፤ እኔ ግን በእሱ ስም በደልኩ። ቆራሌው የከፈለኝ አርባ ብር ነበር። ደብተር ገዛሁበት፤ ልጄ አንድም መስመር አልጻፈችበትም።