ሰማይ መታው የተባለው ሰው

ልጅ እያለሁ፣ ሰማይ ሰው መታ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዚያው እኛ መንደር፣ ብልባላ አካባቢ ነው። ማጋነን አልወድም፤ የሚያጋንን ሰውም ያናድደኛል፤ ስለዚህ እንዳየሁት ልናገር።

አባቴ ከገደል ተፈልፍሎ በተሠራው ቤተ ክርስቲያናችን ደወል ደዋይ ነበር። ደወሉ ብረት አይደለም፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለች ወይራ በጠፍር የተንጠለጠለ ረጅም ጥቁር ድንጋይ ነው። በጠጠር ሲመቱት ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ያሉትን ይቀሰቅሳል። እኔም አንዳንድ ጠዋት ተከትዬው እወጣና፣ ጤዛ የነካው የወይራ ቅጠል እየሸተተኝ፣ መዳፌን ድንጋዩ ላይ ለጥፌ ንዝረቱን እስከ ክርኔ እሰማው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤታችን አያ ሞላ አህያቸውን ጭነው፣ ከገደሉ ሥር ባለው መንገድ ወደ ገበያ ሲሄዱ አንድ ነገር ከላይ መጥቶ ቀኝ ክንዳቸውን መታቸው። ወደቁ። ቀና ቢሉ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ደመና የለ፣ ወፍ የለ። አጠገባቸው ጡጫ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። “ከሰማይ ነው የወረደብኝ!” አሉ። በዚያው ሰሞን ኮከብ ሲወርድ አየሁ ያለ ሰው ነበር። የቅዳሴው ደወል እየተደወለ ሳለ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይብሱን ቅዱስ አደረገው። እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው ገበያውን አዳረሰው።

እግዚኦ፣ ያኔ የፈራነው ፍርሃት! ድንጋዩ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ በአያ ሞላ ራስጌ ተቀመጠ። ሰው እየመጣ በሩቁ ይሰግዳል። እኔም ሰገድኩ። ችግሩ ክንዳቸው ነው፤ ተሰብሯል። ወጌሻው እጁን ቅቤ ቀብቶ ሊጠግናቸው ሲጠጋ ሽማግሌዎቹ ከለከሉት። “ሰማይ የነካውንማ የሰው እጅ አይነካውም፤ ሰባት ቀን ጸበል ይጠመቁና ይታያል” አሉ። አያ ሞላም እሺ አሉ። በሦስተኛው ቀን ጣቶቻቸው አብጠው መጥቆር ጀመሩ። ወጌሻው በር ላይ ቆሞ “ቀኝ እጅ የሌለው ገበሬ እርፉን በምኑ ሊይዝ ነው? ኧረ ተዉ፣ በማርያም!” እያለ ይለምናል፤ ማን ሰምቶት።

አባቴ ግን ነገሩ ከመጀመሪያውም አልተዋጠለትም። “ይኼን ሁሉ ምድር ትቶ፣ ሰው ፈልጎ፣ ከሰውም አያ ሞላን መርጦ?” ይላል። እናቴ “ዝም በል አንተ ሰውዬ፣ መቅሰፍት ትጠራብናለህ!” ብላ ታማትባለች። ሌላም የሚያብሰለስለው ነገር ነበረው። ደወሉ ሦስት ቀን ሙሉ ድምፁ ጎርነን ብሎበታል። ጠፍሩ የላላ መስሎት ሁለት ጊዜ አጥብቆታል።

በዚያው በሦስተኛው ቀን እኔን አስከትሎ አያ ሞላን ሊጠይቅ ሄደ። ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ድንጋዩን አየ፤ አገላበጠ፤ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። ድንጋዩን አንስቶ ወጣ። ሰዉ “በስመ አብ! ኧረ ምን ሊሆን ነው!” እያለ ተከተለው። ደወሉ ጋ ስንደርስ ወደ ገደሉ የዞረውን ጀርባውን ዳሰሰ። ከታች በኩል አዲስ ስብራት ነበረው። ድንጋዩን አስጠጋው። ገጠመ፤ ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት እንኳ አልነበረውም።

እኔን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፤ ስሰግድ እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም። እዚያ ቤት ድንጋዩን መልሶ ሸፍኖት ቢወጣ ኖሮ እኮ ማንም አያውቅም ነበር። ደወሉ ከአያቱ ጀምሮ በቤታችን እጅ ነው፤ ሰው ጎዳ ከተባለ ከእጃችን እንደሚወጣም ያውቃል። ዞር አለና “የእኔ ነው” አለ። “በሰማይ አታሳብቡ። የመታኋቸው እኔ ነኝ። ሂዱና ወጌሻውን አስገቡት!”

ወጌሻው ክንዳቸውን ሲያሽ አያ ሞላ ጮኹ፤ ከዚያ አለቀሱ። ያስለቀሳቸው ሕመሙ ብቻ አልነበረም። “እኔ እኮ እግዜር ለይቶ ያየኝ መስሎኝ ነበር” ሲሉ አንጀቴን በሉት። አባቴ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ “ይማሩኝ አያ ሞላ። ለይቶማ አይቶዎታል። ድንጋዩ አንድ ስንዝር ወደ ራስዎ ቢጠጋ ኖሮ ዛሬ ንፍሮ እየበላን ነበር” አላቸው።

እጃቸው ዳነ፤ ትንሽ ጎበጥ ቢልም እርፍ ያዘ። ደወሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ቅዳሴ የሚሄደው ሌላ ሰው በሚደውለው ደወል ነበር፤ አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም።

አሁን የምኖረው ላሊበላ ከተማ ነው። ልጄ ከሰማይ ድንጋይ ወርዶ ሰው መታ የሚል ቪዲዮ በስልኩ ያሳየኛል። ሺህ ሰው ይገረማል፣ ሺህ ሰው ይሳደባል፤ ድንጋዩን አንስቶ ያገላበጠ ግን አንድም የለ። ያኔ ድንጋይ ተሸክሞ ገደል የሚወጣ ሰው ነበር፤ ዛሬ የሚወጣ የሚወርደው ጣት ብቻ ነው። “እማዬ፣ እውነት ነው?” ይለኛል። አይሆንም አልለውም፤ ሰማይ ሰፊ ነው፣ ምን አውቃለሁ። እኔ ሰማይ የመታውን ሰው እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁም። በሕዝብ ፊት ቆሞ “የእኔ ነው” ያለ ሰው ግን አንድ አይቻለሁ።