በእግሩ አመጣዋለሁ

ልጄ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ቆሞ አልሄደልኝም ነበር። «እግር ከተከለልኝ በእግሩ አመጣዋለሁ» ብዬ ለማርያም ተሳልኩ። ሄደልኝ። በዓመቱ ለንግሥ ከዘመሮ ከተማ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ በእግር ስንነሳ ግን መንገደኛው ሁሉ ጥሎን ሲያልፍ ጊዜ አዘልኩት።

አንዲት እማሆይ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አርፈው አገኘኋቸው። ስለቴን ስነግራቸው አፈጠጡብኝ።

«በእግሩ ብለሽ? ታዲያ ጀርባሽ ላይ ምን ይሠራል? አውርጂው!»

ስለቱ እንዳይፈርስብኝ ፈርቼ አወረድኩት፤ እሳቸውም ተነስተው አብረውን መንገድ ጀመሩ። ጠጠር ሲለቅም እንቆማለን፤ በግ ሲያይ እንቆማለን። እማሆይ አንዴም ሳይቆጡ አብረውን ይቆማሉ።

ደጀ ሰላሙ ስንደርስ ታቦቱ ገብቷል።

«እማሆይ፣ በእኛ የተነሳ ንግሡ አመለጠዎት» አልኳቸው።

ጉልበታቸውን እያሹ ሳቁ። «ተይ ልጄ! እኔ ከጠዋት ጀምሮ በእርምጃዬ ልክ የሚሄድ መንገደኛ ስጠብቅ ነበር።»